የሶፍትዌር ፈቃድ ሲለወጥ፦ በትርፍ ጊዜያቸው ጦማር ለሚጽፉ ዜጎች የተዘጋጀ መረጃ

በርካታ ዜጎች ከመደበኛ ሥራቸው በሚተርፋቸው ጊዜ ጦማር ይጽፋሉ። መምህራን የትምህርት ማስታወሻዎቻቸውን፣ ጡረተኞች የአካባቢያቸውን ታሪክ፣ ወጣቶች የጉዞና የምግብ ዝግጅት ልምዳቸውን በዚህ መንገድ ለአንባቢ ያደርሳሉ። እንዲህ ያለው ጦማር ገቢ ባያስገኝም የዓመታት ድካም የተጠራቀመበት ሥራ ነው። ጽሑፎቹ ለአንባቢ የሚደርሱት ግን ጦማሪው ራሱ ባልሠራው ሶፍትዌር አማካይነት በመሆኑ፣ የሶፍትዌሩ ባለቤት የአጠቃቀም ፈቃዱን በሚለውጥበት ጊዜ ጦማሪው የለውጡ ተቀባይ ይሆናል።

ይህ መረጃ የሶፍትዌር ፈቃድ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ ጦማርያንን በምን መንገድ እንደሚነካ፣ በኢትዮጵያ ሕግ ጸሐፊው ያለው መብት ምን እንደሆነና የለውጥ ማስታወቂያ ሲደርስ መወሰድ ያለባቸውን እርምጃዎች ያብራራል።

በአጭሩ

• የፈቃድ ለውጥ በአብዛኛው የሚመለከተው ከለውጡ በኋላ የሚወጣውን የሶፍትዌር ሥሪት ነው። ቀደም ሲል በክፍት ምንጭ ፈቃድ የተገኘ ሥሪት በነባሩ ፈቃድ ይቀጥላል።
• የሶፍትዌሩ ፈቃድ ቢለወጥም ጦማሪው የጻፈው ጽሑፍ የቅጂ መብት የጦማሪው ሆኖ ይቆያል።
• አስተማማኙ ጥበቃ በሌላ ሶፍትዌር ሊከፈት የሚችል የጽሑፎችና የምስሎች ቅጂ በጦማሪው እጅ መኖሩ ነው።

1. የሶፍትዌር ፈቃድ ምንድን ነው?

የሶፍትዌር ፈቃድ የሶፍትዌሩ ባለመብት ለተጠቃሚው የሚሰጠው በሁኔታዎች ላይ የተመሠረተ የመጠቀም መብት ነው። ሶፍትዌር የገዛ ወይም በነፃ ያወረደ ሰው የሶፍትዌሩ ባለቤት አይሆንም፤ በፈቃዱ ውስጥ በተዘረዘረው ልክ የመገልገል መብት ብቻ ያገኛል።

ፈቃዶች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የባለቤትነት ፈቃድ ሲሆን፣ የተጠቃሚዎችን ብዛት፣ የአጠቃቀሙን ዓላማና ክፍያውን ባለመብቱ ይወስናል። አንዳንዱ የባለቤትነት ሶፍትዌር በነፃ ይሰጣል፤ ሆኖም በነፃ መሰጠቱ ወደፊትም በነፃ እንደሚቀጥል ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛው ክፍት ምንጭ ፈቃድ የሚባለው ነው። ይህ ፈቃድ ማንኛውም ሰው ሶፍትዌሩን ለማንኛውም ዓላማ እንዲጠቀም፣ የምንጭ ኮዱን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽልና እንዲያሰራጭ ይፈቅዳል። ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቀው ጂፒኤል የተሰኘው ፈቃድ ሲሆን፣ ሦስተኛው ሥሪቱ የተቀመጡት ሁኔታዎች እስከተከበሩ ድረስ የተሰጡት መብቶች የማይሻሩ መሆናቸውን በግልጽ ይደነግጋል።

2. ሊምታቱ የማይገባቸው ሦስት ጉዳዮች

የለውጥ ማስታወቂያ ሲደርስ አብዛኛው ስጋት የሚፈጠረው የሚከተሉት ሦስት ጉዳዮች ተለይተው ባለመታየታቸው ነው።

ሀ. የሶፍትዌሩ ፈቃድ። ጦማሪው በራሱ ኮምፒዩተር ወይም በተከራየው ሰርቨር ላይ የሚጭነውን ፕሮግራም የሚመለከት ነው። ፕሮግራሙ ተጭኖ በጦማሪው እጅ ስለሚገኝ፣ አዲሱን ሥሪት መቀበልና አለመቀበል በአብዛኛው የራሱ ውሳኔ ነው።

ለ. የአገልግሎት ውል። ጦማሩ የሌላ ድርጅት በሆነ አገልግሎት ላይ የተከፈተ ከሆነ ጦማሪው የተጫነ ፕሮግራም የለውም፤ ግንኙነቱ የሚመራው በአገልግሎት ውሉ ነው። ውሉ ሲለወጥ ለውጡ በነባር ተጠቃሚዎችም ላይ ከተገለጸው ቀን ጀምሮ ሊፈጸም ስለሚችል፣ በዚህ ረገድ የጦማሪው አማራጭ መቀበል ወይም ጽሑፉን ይዞ መውጣት ይሆናል። ለምሳሌ ፍሊከር የተባለው የፎቶግራፍ ማስቀመጫ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ባወጣው ማስታወቂያ የነፃ ተጠቃሚዎችን ድርሻ በ1,000 ፎቶግራፎች ወስኗል። ፎቶግራፎቻቸውን በዚያ አስቀምጠው በጦማራቸው ላይ ያሳዩ የነበሩ ሰዎች ቅጂያቸውን እንዲያወርዱ ወይም ክፍያ እንዲፈጽሙ ተገደዋል።

ሐ. የጽሑፉ የቅጂ መብት። ይህ ከሁለቱም የተለየ ነው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው የመብቱ ባለቤት ሲሆን፣ አገልግሎት ሰጪው የሚያገኘው ጽሑፉን ለማሳየትና ለማስቀመጥ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ነው። የዚህ ፈቃድ ስፋት ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት ስለሚለያይ ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

3. ከዚህ ቀደም የታየ ጉልህ ምሳሌ

የፈቃድ ለውጥ በትርፍ ጊዜ ጦማርያን ላይ የሚያስከትለውን ውጤት በግልጽ ያሳየው በአሜሪካ የተከሰተው የሙቨብል ታይፕ ጉዳይ ነው። ሙቨብል ታይፕ በባልና ሚስቱ ቤን እና ሜና ትሮት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 የወጣ የጦማር ሶፍትዌር ሲሆን፣ ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት በነፃ ይሰጥ ስለነበር በዘመኑ በጦማርያን ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ነበር። ይሁን እንጂ ክፍት ምንጭ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 ሲክስ አፓርት የተባለው የባለቤቶቹ ኩባንያ ሦስተኛውን ሥሪት ይፋ ሲያደርግ አዲስ ፈቃድ አወጣ። በዚሁ መሠረት ነፃው ፈቃድ ለአንድ ጸሐፊና እስከ ሦስት ለሚደርሱ ጦማሮች ብቻ ተወሰነ፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ክፍያ ተጠየቀ። ከጓደኞቻቸው ጋር በጋራ ይጽፉ የነበሩ፣ እንዲሁም ለቤተሰብና ለማኅበር በርካታ ጦማሮችን በአንድ ሰርቨር ላይ ያስተዳድሩ የነበሩ ሰዎች ምንም ገቢ ሳያገኙ ከፋይ የሚያደርጋቸው ሁኔታ ተፈጠረ። ቅሬታው በስፋት ከተሰማ በኋላ ኩባንያው የፈቃዱን ውል አለዝቧል፤ ነባሩን ሥሪት የጫኑ ሰዎችም በዚያው መቀጠል ይችሉ ነበር። ሆኖም ብዙዎቹ ሌላ አማራጭ መፈለጋቸውን አላቆሙም።

ከአማራጮቹ አንዱ ዎርድፕረስ ነበር። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 የወጣና በጂፒኤል ፈቃድ የሚሰራጭ ሶፍትዌር ሲሆን፣ መነሻው ቢቱ የተባለ ቀደምት የጦማር ሶፍትዌር ነው። የቢቱ ሠሪ ሥራውን ማሻሻል ባቆመ ጊዜ ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል የምንጭ ኮዱን ወስደው ለመቀጠል የቻሉት ፈቃዱ ስለፈቀደላቸው ነው። ዎርድፕረስ ከሙቨብል ታይፕ የወጡ ጽሑፎችን የሚቀበልበት መሣሪያ ስለነበረው፣ የቆዩ ጽሑፎቻቸውን ሳያጡ ለመዛወር የፈለጉ ጦማርያን መንገድ አገኙ።

ሙቨብል ታይፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 በጂፒኤል ፈቃድ የሚሰራጭ ሥሪት አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከስድስተኛው ሥሪት ጀምሮ ደግሞ ይህን አሠራር አቆመ። አንድ ሶፍትዌር በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከነፃ ወደ ክፍያ፣ ከዚያም ወደ ክፍት ምንጭ፣ ተመልሶም ወደ ባለቤትነት ፈቃድ መሄዱ፣ ጦማሪው በዛሬው ፈቃድ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የረዥም ጊዜ ውሳኔ መስጠት እንደማይገባው ያስገነዝባል።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ዋና ትምህርት የሚከተለው ነው። በለውጡ ወቅት የከፋ ጉዳት ሳይደርስባቸው ያለፉት ጽሑፎቻቸውን በሌላ ሶፍትዌር ሊነበብ በሚችል ፋይል ማውጣት የቻሉት ጦማርያን ናቸው።

4. ለውጡ ጦማሪውን የሚነካባቸው መንገዶች

4.1 ክፍያና የመክፈያ መንገድ

በነፃ የነበረ አገልግሎት ክፍያ ሲጠይቅ ችግሩ የገንዘቡ መጠን ብቻ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 አጋማሽ ጉግል ካርታዎችን በኤፒአይ አማካይነት በድረ ገጽ ላይ ለማሳየት የክፍያ ሒሳብ መክፈትን ግዴታ አድርጓል። በወቅቱ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በየወሩ የ200 ዶላር ነፃ ድርሻ የተፈቀደ በመሆኑ አነስተኛ ጦማር በተግባር ላይከፍል ይችል ነበር። ሒሳቡን ለመክፈት ግን ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ያስፈልጋል። ካርድ የሌለው የጉዞ ጦማሪ በዚህ መንገድ ያሳየው የነበረውን ካርታ ለማቆየት ሊቸገር ይችል ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ኦፕንስትሪትማፕን የመሳሰሉ በክፍት ፈቃድ የሚሰራጩ የካርታ መረጃዎች አማራጭ ይሆናሉ።

4.2 “ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት” የሚል ገደብ

በርካታ ነፃ ፈቃዶች ይህን ገደብ ይይዛሉ። ጦማሪው ራሱን ነጋዴ አድርጎ ባይቆጥርም፣ በገጹ ላይ ማስታወቂያ ማሳየቱ፣ የምርት ማስተዋወቂያ ክፍያ መቀበሉ ወይም የራሱን መጽሐፍ መሸጡ ከገደቡ ሊያስወጣው ይችላል። “ንግድ” የሚለውን ቃል እያንዳንዱ ፈቃድ በራሱ መንገድ ስለሚተረጉም፣ ማስታወቂያ ከመቀበል በፊት የሶፍትዌሩን፣ የገጽ ንድፉንና የፎንቱን ፈቃድ መመልከት ያስፈልጋል።

4.3 የአማርኛ ፎንቶች

ፎንት በሕግ ፊት እንደ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚሰጥበት ሥራ ነው። በኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ የመጣ ፎንት ጽሑፍ ለመጻፍ ያገለግላል እንጂ የፎንቱን ፋይል በሰርቨር ላይ አስቀምጦ ለአንባቢዎች የማሰራጨት መብት አይሰጥም። ከቆዩ የዊንዶውስ ሥሪቶች ጋር ተጭኖ ይመጣ የነበረው ኒያላ የተሰኘው የግዕዝ ፊደል ፎንት ለዚህ ምሳሌ ነው። በአንጻሩ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በተባለው ፈቃድ የሚሰራጩ በመሆናቸው በጦማር ላይ ያለ ክፍያ ሊቀመጡ ይችላሉ።

የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎች ያላቸው ዜጎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥሪት 3.0 ከመካተቱ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የፊደል አቀማመጥ ነበራቸው። በእነዚህ የተጻፈ ጽሑፍ የሚነበበው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታያል። በመሆኑም የፎንቱ ፈቃድ ሲያበቃ ወይም ፕሮግራሙ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ መሥራት ሲያቆም ጽሑፉ ራሱ የማይነበብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያላቸው ሰዎች ፕሮግራሙ በእጃቸው እያለ ወደ ዩኒኮድ እንዲለውጡት ይመከራል።

4.4 ምስሎች

ነፃ ምስሎችን የሚያቀርቡ ድረ ገጾችም ፈቃዳቸውን ይለውጣሉ። አንስፕላሽ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ሁሉንም መብት ከሚተወው ሲሲ ዜሮ ወጥቶ የራሱን ፈቃድ ሥራ ላይ አውሏል። ጦማሪዎች ምስሎቹን በጽሑፎቻቸው ላይ መጠቀም አሁንም ይችላሉ፤ ምስሎቹን ሰብስቦ ተመሳሳይ አገልግሎት ማቋቋም ግን አይፈቀድም። ከለውጡ በፊት በሲሲ ዜሮ የተለቀቀ ምስል በዚያው ሁኔታ ይቀጥላል። ይህን ማስረዳት የሚቻለው ግን ምስሉ መቼና በምን ፈቃድ እንደተወሰደ ማስታወሻ ሲኖር ነው።

4.5 እርምጃ የማይጠይቁ ለውጦች

ሁሉም የፈቃድ ለውጥ ጦማሪውን አይነካም። ለምሳሌ ሬዲስ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ፈቃዱን ሲለውጥ ጉዳዩ በዋናነት የተመለከተው የሰርቨርና የክላውድ አገልግሎት ሰጪዎችን ነው። በዚህም ምክንያት ቫልኪ የተባለ ክፍት ምንጭ ቅርንጫፍ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተቋቁሟል። በሰርቨር አከራይ አማካይነት ጦማር የሚያስተዳድር ግለሰብ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠበቅበት አገልግሎት ሰጪው የሚልከውን ማስታወቂያ መከታተል ነው።

5. በኢትዮጵያ ሕግ የጦማሪው መብት

በኢትዮጵያ የቅጂ መብት የሚመራው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው። አዋጁ መጻሕፍትን፣ ጽሑፎችንና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ከዚህም ሁለት ውጤቶች ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው ጦማሪው ለጻፈው ወጥ ጽሑፍ የሚያገኘው መብት ነው። ጥበቃው ሥራው እንደተሠራ የሚጀምር በመሆኑ ምዝገባን እንደ ቅድመ ሁኔታ አይጠይቅም፤ የሥራው ጥራትና ዓላማም መለኪያ አይደለም። ስለሆነም በትርፍ ጊዜ የተጻፈ ጽሑፍ በሙያተኛ ከተጻፈው ያነሰ ጥበቃ የለውም። የኢኮኖሚ መብቱ በሥራ አመንጪው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል።

ሁለተኛው ጦማሪው በሌሎች ሶፍትዌር ላይ ያለበት ግዴታ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሊባዛ አይችልም። ሆኖም የአንድ ፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት ለተገዛበት ዓላማ አስፈላጊ ሲሆን፣ እንዲሁም የጠፋውን ወይም የተበላሸውን ለመተካት አንድ የመጠባበቂያ ቅጂ ማዘጋጀት በአዋጁ ተፈቅዶለታል።

6. የለውጥ ማስታወቂያ ሲደርስ የሚወሰዱ እርምጃዎች

1ኛ. ማስታወቂያውን ከነቀኑ ማስቀመጥ። ነባሩን የፈቃድ ሰነድና አዲሱን በፋይል ማስቀመጥ በኋላ ለሚነሳ ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል።

2ኛ. የተለወጠው የሶፍትዌሩ ፈቃድ ወይስ የአገልግሎት ውሉ እንደሆነ መለየት። በተራ ቁጥር 2 እንደተገለጸው አማራጮቹ በዚህ ይወሰናሉ።

3ኛ. ለውጡ ከየትኛው ሥሪትና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚፈጸም ማረጋገጥ። ሶፍትዌሩ ራሱን በራሱ እንዲያዘምን የተስተካከለ ከሆነ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ማስተካከያውን መመልከት ተገቢ ነው።

4ኛ. ከማንኛውም ውሳኔ በፊት የተሟላ ቅጂ ማውጣት። እዚህ ላይ አዘውትሮ የሚፈጸም ስህተት አለ። በዎርድፕረስ ኤክስፖርት በሚለው ትእዛዝ የሚወርደው ፋይል ጽሑፎችን፣ ገጾችንና አስተያየቶችን የሚይዝ ቢሆንም የምስሎቹን ፋይሎች አይዝም፤ የሚገኙበትን አድራሻ ብቻ ይመዘግባል። ነባሩ ጦማር ከተዘጋ ምስሎቹ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ምስሎቹ ለብቻ መውረድ አለባቸው።

5ኛ. ቅጂውን መፈተሽ። ፋይሉን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ የአማርኛ ፊደላቱ በትክክል የሚነበቡ መሆናቸውን ማየት፣ ከተቻለም በሙከራ ጦማር ላይ መጫን ያስፈልጋል።

6ኛ. አማራጮችን ማነጻጸር። ክፍያውን መቀበል፣ በነባሩ ሥሪት መቆየት ወይም መዛወር ሦስቱ ዋና አማራጮች ናቸው። በነባሩ ሥሪት መቆየት ሕጋዊ ቢሆንም የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ሶፍትዌር ለጥቃት የተጋለጠ በመሆኑ በዘላቂነት አይመከርም።

7ኛ. አንባቢዎችን ማሳወቅ። በራሱ የዶሜይን ስም የሚጠቀም ጦማሪ ሶፍትዌሩን ወይም አገልግሎት ሰጪውን ቢቀይርም አድራሻው አይለወጥም። በአገልግሎት ሰጪው አድራሻ ሥር የሚጽፍ ግን ከመዛወሩ በፊት አዲሱን አድራሻ በነባሩ ገጽ ላይ ማስፈር ይኖርበታል።

7. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ፈቃዱ ቢለወጥ ቀደም ሲል የጻፍኳቸው ጽሑፎች ሊወሰዱብኝ ይችላሉ?
አይችሉም። የሶፍትዌር ፈቃድ የጽሑፍ ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ሊቋረጥ የሚችለው ጽሑፎቹ የሚታዩበት አገልግሎት ነው፤ ቅጂ አስቀድሞ ማውጣት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ምንም ስጋት የለበትም ማለት ነው?
ስጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በእጅ ያለው ሥሪት በፈቃዱ ይቀጥላል፤ የመብቶቹ ባለቤቶች ግን ቀጣዩን ሥሪት በሌላ ፈቃድ ሊያወጡ ይችላሉ። በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ የሚጨመሩ ተቀጥላዎችና የገጽ ንድፎችም የራሳቸው የአገልግሎት ክፍያ ሊኖራቸው ይችላል።

ጽሑፎቼን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቅቄ ነበር፤ አሁን መተው እችላለሁ?
ወደፊት በዚያ ፈቃድ ማሰራጨትን ማቆም ይቻላል። አስቀድመው በፈቃዱ መሠረት ጽሑፉን ያገኙ ሰዎች መብት ግን አይሻርም። በመሆኑም ፈቃዱን ከመምረጥ በፊት ማሰብ ያስፈልጋል።

ከኢትዮጵያ ውጪ ሆኖ በአማርኛ የሚጦምር ሰውስ?
የአገልግሎት ውሎች በአብዛኛው ክርክር በየትኛው አገር ሕግና ፍርድ ቤት እንደሚታይ የሚገልጽ አንቀጽ አላቸው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ጦማርያን ይህን አንቀጽና የሚኖሩበትን አገር ሕግ እንዲመለከቱ ይመከራል።

ማሳሰቢያ

ከላይ የቀረበው መረጃ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ ሲሆን የሕግ ምክርን አይተካም። ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዝርዝር ማብራሪያ የሚፈልጉ ዜጎች የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላሉ። የለውጥ ማስታወቂያ ያልደረሳቸው ጦማርያንም ቢሆኑ የጽሑፎቻቸውንና የምስሎቻቸውን ቅጂ በየጊዜው እንዲያወጡና ከሚጠቀሙበት አገልግሎት ውጪ በሆነ ቦታ እንዲያስቀምጡ ይመከራል።